የቀኝ እግሬ ነገር

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ናት። የሚካኤል ማኅበር ተረኛው ጎረቤታችን ነበርና በከተማችን በሞላሌ፣ እሱ ቤት ተሰብስበናል። ጋቢዬን ተከናንቤ ጠላዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ጣቴ ብቻዋን መዝለል ጀመረች። አቁሚ አልኳት በሆዴ። አላቆመችም። ዝላዩ ወደ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ወደ ባቴ ወጣ፤ በመጨረሻ እግሬ በሙሉ ወደ ፊት ተወርውሮ ወለሉ ላይ የነበረውን የጠላ ጆግ መታው። ጠላው የነፍስ አባቴ እግር ላይ ፈሰሰ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ኳሱ ትዝ ብሎት ነው!» አለ አንዱ። «ፈረሱ ዛሬም አልቦዘነም!» ሲል ሌላው ተቀበለው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በውስጤ ግን ፈርቻለሁ፤ እግሬን ያዘዝኳት እኔ አልነበርኩማ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ጋቢ ስር ለደበቃችሁት ነው። እኔም ደብቄያለሁ። እውነቱን ለመናገር ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪሜ ናት «እርስዎ ካልነገሩ ማን ይነግራል?» እያለች የወተወተችኝ፤ ያቺን ሴት እምቢ ማለት ደግሞ አልችልም፣ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ።

«ፈረሱ» የተባልኩት በኳስ ዘመኔ ነው። ሞላሌ የቆዳ ኳስ ያየችው በእኛ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ጨርቅ ጠቅልለን ነበር የምንመታው። የስፖርት መምህራችን ከአዲስ አበባ አንድ የቆዳ ኳስ ይዞልን መጣና፣ ብርዱ እንዳይሰነጥቀው የበግ ላት እየቀባን እናሳድረው ጀመር። አንድ ቀን ላቱ የሸተተው ውሻ ኳሳችንን ነክሶ ሮጠ፤ ተጫዋቹም ተመልካቹም ውሻ ሲያሳድድ ዋለ። ሜዳችን ቁልቁለት ነው፣ ጭጋግ ሲወርድበት በረኛው አይታይም። እኔ በቀኝ ክንፍ፣ ጓደኛዬ በላይ በግራ ክንፍ እንጫወታለን። መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ሄደን ቡድናቸውን በገዛ ሜዳው ያሸነፍን ጊዜ፣ በላይ ከግራ አሻገረልኝ፣ እኔ መሬት ሳትነካ በዚችው በቀኝ እግሬ መታኋት። በትከሻ ተሸክመው ነው ያስወጡኝ። ጎል የገባበት በረኛ ግዛው የሚባል ረጅም ልጅ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ።

ከዚያ የድንበሩ ጦርነት መጣ። በላይና እኔ አብረን ተመዘገብን፣ አብረን ሠለጠንን፣ ምሽግ ውስጥም ጎን ለጎን ነበርን። አንድ ከሰዓት መድፍ መጣ። በላይ እዚያው ቀረ። እኔን ፍንጣሪ መታኝ፣ በስተግራ፣ ከአናቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። የጦር ሐኪሙ «ቁራጯ ውስጥ ቀርታለች፤ ካልነካናት አትነካህም» አለኝ። እውነትም ስንት ዘመን አልነካችኝም። አገሬ ገባሁ፣ ጥሩወርቅን አገባሁ፣ ገብስ ዘራሁ፣ በግ አረባሁ። ሰላም የምትባል አንድ ልጅ አለችን።

ከማኅበሩ በኋላ እግሬ አንዳንዴ ትፈናጠር ነበር። ጋቢ እያለበስኩ ዝም አሰኘኋት። አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ጣቴ ጀመረች። ባቴ ላይ ወጣች። ጎኔ ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ የማውቀው የለም።

ስነቃ መሬት ላይ ነኝ። ምላሴን ነክሻለሁ። አፌ ደም ደም ይላል። ሱሪዬ ርሷል። አፍንጫዬ ስር ክብሪት ይሸተኛል። ጥሩወርቅ ክብሪት እየጫረች ስታሸትተኝ ኖሯል፤ ያገሬ ሰው ለወደቀ ሰው የሚያውቀው ሕክምና ይኸው ነው። ሰላም አጠገቧ ቆማለች። ሱሪዬን አየችና ፊቷን አዞረች። አዝና እንጂ ተጠይፋኝ እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ለት ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሰው ትከሻ ላይ የወጣሁት ሰውዬ፣ ልጄ ፊት እንደ ሕፃን ሱሪዬን አርሼ!

«ለማንም እንዳትናገሩ» አልኳቸው። ምላሴ አብጦ በቅጡ እንኳ አይናገርም፤ የመጀመሪያው ቃሌ ግን እሱ ነበር።

ጥሩወርቅ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ተባልኩ። ጭንቅላቴን በሲቲ ስካን አዩኝ። ኤምአርአይ ለእኔ እንደማይሆን ነገሩኝ፤ ማሽኑ ማግኔት ነው፣ እኔ ደግሞ ብረት ተሸክሜያለሁ። ሐኪሟ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አንድ ነጭ ነጥብ አሳየችኝ።

«አባቴ፣ በሽታዎ ኤፒለፕሲ ይባላል፣ የሚጥል በሽታ። ፍንጣሪዋ ያቆሰለችው ቦታ ጠባሳ ሠርቷል። ሕመሙን የሚያስነሳብዎት ጠባሳው ነው።»

«ከዚህን ያህል ዘመን በኋላ?»

«ይዘገያል። ብዙ ቆይቶ የሚመጣበት ሰው አለ።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሰይጣን አይደለም?» አልኳት።

«ጠባሳ ነው።»

«ለልጄስ ይተላለፋል?»

«ፍንጣሪ በዘር አይተላለፍም፣ አባቴ።»

ፌኖባርቢታል አዘዘችልኝ፤ ማታ ማታ ስተኛ የምውጠው። አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ። «አንድም ቀን እንዳያቋርጡ። ደህና ነኝ ብለው በድንገት ቢተዉት፣ ከበፊቱ የባሰ ነው የሚጥልዎት። ሊገድልዎት ይችላል።» ጥሩወርቅ ከጎኔ ሆና ቃሉን በልቧ ያዘች። እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

እንግዲህ የደበቅኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ሰላም የምትወደው ልጅ ዳዊት ይባላል፣ መሐል ሜዳ መምህር ነው። አባቱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ግዛው! ያ በረኛ። በእኛ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጠናል። ከማን ተወለዱ፣ ደዌ አለባቸው ወይ፣ የሚጥለው አለባቸው ወይ ተብሎ ጓዳ ጎድጓዳው ይጠየቃል። በዚህ ወሬ ብቻ ስንት ጋብቻ ሲፈርስ አይቻለሁ። ሐኪሟ ስለ ጠባሳው ያለችኝን ለገበያው ሁሉ ማን ያስረዳልኛል? የሰላም ትዳር በእኔ መውደቅ ሲፈርስ ታየኝ። ክኒኖቹን ግድግዳው ላይ በሰቀልኩት የድሮ ታኬታዬ ውስጥ ሸሸግኳቸው። ማታ ማታ ሰው ሳያየኝ ከዚያ እያወጣሁ እውጣለሁ።

መድኃኒቱ ሠራ። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ፣ ትንሽም ያፈዘኝ ነበር እንጂ መውደቁ ቆመ። እግሬ እንኳ አርፋ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ወጉ ደረሰ፣ እሺታዬን ሰጠሁ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ግዛውም አብሮ መጥቶ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ቁመቱ ያው ነው። ስንሰነባበት ጎንበስ ብሎ «እግርህ እንዴት ናት?» አለኝ።

ጋቢዬን ወደ ታች ሳብኩ። «የቷ እግሬ?»

«ጎል ያገባችብኝ ናታ!» ብሎ ሳቀ፣ ፊቴን ግን ትክ ብሎ እያየኝ ነበር። «ደህና ናት» አልኩና በሩን ከኋላው ዘጋሁ።

የሠርጉ ቀን ከተቆረጠ ወዲህ ሐሳብ ያዘኝ። የሙሽራ አባት ነኝ፤ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ እመርቃለሁ፣ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። በዚያ መሐል ብወድቅስ? ፈጽሜ መዳን አለብኝ አልኩ። ከራቤል ወዲያ ግሼ ውስጥ የሚያድን ጸበል እንዳለ ሰምቻለሁ፤ የሚያውቀኝም ሰው እዚያ የለም። ለጎረቤት ቁርጥማት ይዞኛል ብዬ ተነሳሁ። ክኒኖቹን ታኬታው ውስጥ ተውኳቸው። ጸበል ገብቶ ክኒን መዋጥ ፈጣሪን መጠራጠር መሰለኛ! እንዲህ አድርግ ያለኝ ቄስ የለም። እኛው ለእኛው የምንባባለው ነው፣ እኔም አመንኩት። ክኒን የያዘ ሰው ደግሞ ሕመምተኛ መሆኑ ይታወቅበታል፤ ይሄም ነበር በሆዴ።

ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመች። «ሐኪሟ አንድም ቀን አላለችም? ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

«እምነት የለሽም» አልኳት። ዓመቱን ሙሉ የምትጾመዋን ሴት! እሷ በሶውን ቋጥራ ተከተለችኝ። ስለ ሕመሜ ለማንም እንዳትተነፍስ መንገድ ላይ አስምያታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተመቹኝ። ድንዛዜው ለቀቀኝ፣ ዓይኔ ተከፈተ፣ ሰውነቴ ቀለለኝ። «ይኸው ዳንኩ» አልኳት ጥሩወርቅን። በሶዬን አቀረበችልኝ።

ከዚያ ወደቅኩ።

ሳልነቃ ደግሞ ወደቅኩ። ደግሞ ወደቅኩ። የቀረውን ጥሩወርቅ ናት የነገረችኝ። ጸበልተኛው ከበበኝ። መንፈስ ነው ተባለ። ሕመሙ ለቀቅ ሲያደርገኝ፣ ሳልነቃም ሳልተኛም፣ እናገር ነበር።

«ስምህ ማነው?» ብለው ጮሁብኝ።

«በላይ!» አልኩ። «በላይ! በላይ!»

«በላይ ነኝ አለ! በላይ፣ ውጣ! ልቀቀው!»

ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮ ጮኸ። በላይ ውጣ። በላይ ተቃጠል። እኔ ምሽግ ውስጥ ነበርኩ። ጓደኛዬን እየጠራሁት ነበር። ያን ከሰዓትም እንዲሁ ጠርቼው አልመለሰልኝም። ኳስ ያሻገረልኝ፣ እንጀራውን ያካፈለኝ፣ አጠገቤ የሞተው በላይ፣ እንደ ርኩስ መንፈስ ተባረረ። በእኔ አፍ። ሱሪዬን ባርስ ይታጠባል። ይህን ግን በምን ላጥበው?

ዕድሜ ጠገብ የሆኑት አገልጋይ፣ መምሬ ጥላሁን፣ ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው ጥሩወርቅን ጠየቋት። «ልጄ፣ ይህ ሰው መድኃኒት ነበረው?» አለቀሰች እንጂ አልመለሰችም፤ አስምያታለሁና። ደግመው ጠየቋት። ያን ጊዜ ነገረቻቸው።

«ማን ተው አለው?» ብለው ተቆጡ። «ለምን እኔን አልጠየቀኝም? ክኒኑን ከጸበሉ ጋር ያጣላው ማን ነው? ተነሡ፣ ቃሬዛ አምጡ!»

በቃሬዛ ራቤል አደረሱኝ። ጤና ጣቢያው መንቀጥቀጡን የሚያስቆመውን ዳያዜፓም በደም ሥሬ ሰጠኝ። በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ተላክሁ። መንገዱ በመሐል ሜዳ ነው። ከዚያ በሞላሌ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ጥሩወርቅን በመስኮት ያየ ሁሉ አወቀ። እንዳልታይ ብዬ ግሼ ድረስ የሄድኩት ሰውዬ፣ በገበያው መሐል በሳይረን አለፍኩ።

ሆስፒታል ስነቃ ያቺው ሐኪም አጠገቤ ነበረች። የደረሰብኝ ስታተስ ኤፒለፕቲከስ እንደሚባል፣ መውደቁ ሳያቋርጥ ሲደጋገም አንጎልን እንደሚጎዳና ብዙ ሰው እንደሚሞትበት ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። «ጸበሉን አልከለክልዎትም» አለችኝ። «ክኒኑን ይዘው ይሂዱ። እኔም ስሄድ የስኳር መድኃኒቴን ይዤ ነው የምሄደው።» አንገቴን ደፋሁ። እምቢ ማለት አልችልም ያልኳችሁ ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ከዚያ ግዛው መጣ። ድምፁን በረንዳው ላይ ስሰማ፣ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ስቤ የተኛሁ መሰልኩ። ወንበር ጎትቶ ተቀመጠ።

«አልተኛህም» አለኝ። «በረኛ ነኝ እኮ፤ ሰው ሲያታልል አውቃለሁ።»

ገለጥኩት። «ጋብቻው ይቅር ልትለኝ ከሆነ የመጣኸው፣ በእኔ ይሁን፣ በልጄ አትፍረድባት። ሕመሙ ከዘር አይደለም። ሐኪሟን ጠይቃት።»

«ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ያላጣራሁ መሰለህ? የምትወድቅ መሆንህን አውቃለሁ። ፍንጣሪዋንም አውቃለሁ። ሰላም የወደቅክ ሰሞን ለዳዊት ነግራዋለች፣ ዳዊት ለእኔ።»

ቀና አልኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ! ቤትህ መጥቼ እግርህ እንዴት ናት አላልኩህም? ደህና ናት ብለህ በሩን ዘጋህብኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «አንተ ሰው፣ የምናውቀውን ነገር ከእኛ ልትደብቅ ብለህ እኮ ልትሞት ነበር።»

ብርድ ልብሱን መልሼ ፊቴ ላይ ሳብኩ። በዚህኛው ጊዜ የተኛሁ ለመምሰል አይደለም፤ እያለቀስኩ ነበር። ግዛው ሳይነሳ ቆየ።

ሰላም በማግሥቱ መጣች። «አባዬ፣ ለዳዊት መንገር አላሳፈረኝም» አለችኝ። «ነግሬዋለሁ ብዬ ለአንተ መንገር ነው ያሳፈረኝ። እንዳትጠላኝ ብዬ።» እስቲ ፍረዱኝ። በአንድ ጣሪያ ስር አንዳችን ለሌላው እያፈርን፣ ክኒኑ ታኬታ ውስጥ፣ እውነቱ ሁላችንም ሆድ ውስጥ።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር። ቃል ይጠፋብኝ ነበር፤ የገዛ በጎቼን መልክ እያምታታሁ ጥሩወርቅን አስቃት ነበር፣ ወዲያው ደግሞ ማሳቄ ራሱ ያናድደኝ ነበር። ክኒኑ እንደገና ተስተካክሎ ተሰጠኝ፣ ጠላና አረቄውን ተውኩ፣ በጊዜ መተኛት ለመድኩ፤ ቀስ በቀስ ሰውነቴም ሐሳቤም ተመለሱልኝ። እግሬ የጸናልኝ ዕለት ክኒኔን በኪሴ ይዤ ግሼ ተመለስኩና መምሬ ጥላሁን እግር ላይ ተደፋሁ። በላይ ማን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ምን እግር እንደነበረው፣ እንዴት እንደሞተ፣ ያን ቀን ምን ተብሎ እንደተጠራ። እሳቸውም ዕንባቸውን ጠርገው በጸሎተ ፍትሐት ስሙን አነሡልኝ። እዚያው ቦታ ላይ ስሙ እንደ ሰው ስም ሲጠራ ሰማሁ። ጥፋቴን አላጠፋልኝም፣ ትንሽ ግን አቃለለልኝ።

እናንተ በዚህ ሕመም ውስጥ ያላችሁ፣ ክኒናችሁን አትተዉ። ጾም ቢሆን፣ ጸበል ቢሆን፣ ሠርግ ቢሆን አትተዉ፤ የምትፈሩት ነገር ካለ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ፤ እኔ ሁለቱንም ሳልጠይቅ በገዛ ራሴ ፈረድኩ። እናንተ አጠገባችን ያላችሁ ደግሞ፣ ስንወድቅ ክብሪቱን ተዉት፣ አፋችን ውስጥም ማንኪያ አታስገቡ። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁን፣ በጎን አስተኙን፣ እስክንነቃ አጠገባችን ሁኑ። ቶሎ ካልቆመልን ወይም ከተደጋገመብን ወደ ሕክምና አሩጡን። ስንነቃ ደግሞ የለበስነው ርሶ ከሆነ አንድ ነገር ጣል አድርጉብን፤ ይህች ትንሽ ነገር ምን ያህል እንደምትከብድ ያልወደቀ አያውቃትም። ቃሬዛውን ለተሸከሙልኝ የግሼ ሰዎች፣ ለሐኪሜ፣ ለመምሬ ጥላሁን እግዜር ይስጥልኝ። ጥሩወርቅን እንዴት እንደማመሰግናት ግን ዛሬም አላውቅበትም።

ሠርጉ በተቆረጠለት ቀን ሆነ። ዳሱ ግጥም ብሎ ሞልቷል፣ ሙሽሮቹ ፊቴ ጎንበስ ብለው ምርቃቴን ይጠብቃሉ። «ውለዱ ክበዱ» ብዬ ስጀምር ጣቴ ዘለለች። ባቴ ላይ ወጣች። እጄ ልማዱ ነውና ጋቢዬን ሊጎትት ሄደ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ፊቴ ነደደ። ጋቢውን ተውኩት።

«ይቅርታ፣ እግሬ ናት» አልኩ ጮክ ብዬ። «አሁን ታልፋለች።»

ሰው አንገቱን አሰገገ። እግሬ በሰው ሁሉ ፊት ትመታለች። ግዛው ከጎኔ ነበር፤ ያንን ሰፊ መዳፉን ዘርግቶ ጉልበቴ ላይ አሳረፈው።

«ያዝኳት!» አለ። «ከስንት ዘመን በኋላ ያዝኳት!»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ሰላም ዕንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። እግሬ መዳፉ ስር ቀስ በቀስ አረፈችና ምርቃቴን ካቆምኩበት ቀጥዬ ጨረስኩ።

ታኬታው ዛሬ ባዶውን ተሰቅሏል። ክኒኖቹ መደርደሪያው ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ ናቸው። ማታ እንግዳ ካለ እጄ ወደዚያ ለመሄድ አሁንም ይዘገያል። አፍራለሁ። እያፈርኩ እውጣለሁ።